ወተቷን ያደረቀው ቡዳ ነው ወይስ ቢሮ?

«ይሄ ደሞ የሴቶች ጉዳይ ነው» ብሎ ገጹን ለመግለጥ እጁን የዘረጋ ወንድም ካለ ትንሽ ይታገሠኝ። ነገ ያገባል፣ ይወልዳል፤ ሌሊት በልጅ ለቅሶ የሚነቃውም፣ የቆርቆሮ ወተት ሒሳብ የሚጠየቀውም እሱው ነው።

ነገሩ የአንደኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ጤና ጣቢያ የሄደች እናት «እስከ ስድስት ወር ድረስ ከጡትሽ ሌላ ውሃም ቢሆን እንዳትሰጪው» ትባላለች። መሥሪያ ቤቷ ደሞ «ዘጠና ቀንሽ ስላለቀ ሰኞ ጠዋት ሥራ ግቢ» ይላታል። ስድስት ወር 180 ቀን ነው። ከ180 ላይ 90 ሲቀነስ 90 ይቀራል። ይህን የተረፈ 90 ቀን ማን ይሙላው? ልጁ ቤት፣ እሷ ቢሮ፣ የልጁ ምግብ ደሞ ከእሷ ጋር ቢሮ!

ሰሞኑን ከወለዱ ዓመት ካልሞላቸው ሠራተኛ እናቶች ጋር ስጨዋወት የሰነበትኩት ይህን ሒሳብ እንዴት እንደፈቱት ለመስማት ነበር። አንዳንዶቹ ፈትተውታል። ብዙዎቹ ግን ሳይፈቱት ጡጦ ገዝተዋል።

«ሰው አይቶብሽ ነው!»

አንዷ ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ናት። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ከጡት በቀር ሌላ አልቀመሰም፤ ጉንጩ ሞልቶ፣ ክንዱ ተድቦልቡሎ ያየው ሁሉ «እደግ ተመንደግ» የሚለው ሕፃን ነበር። ሥራ በገባች ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ጡቷ ተወጠረ። አምስት ሰዓት ላይ አንዲት ደንበኛ ሕፃን አዝላ መጣችና ሕፃኑ አለቀሰ። «የሰው ልጅ አልቅሶ የኔ ጡት ይፈስሳል ብዬ መቼ አሰብኩ? ሸሚዜ በሰልፈኛው ፊት ረጠበ። ኮቴን ደርቤ ቆለፍኩት» ትላለች። ገንዘብ ከፋይ ደሞ ሒሳቧን ሳትዘጋ ብድግ ብላ አትሄድም። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሽንት ቤት ገባች፤ ግድግዳውን ተደግፋ ወተቱን በእጇ እያለበች መታጠቢያው ላይ አፈሰሰችው። «ልጄ ቤት እየራበው እኔ ምግቡን ለቱቦ አጠጣሁት» አለችኝ።

በሁለተኛው ሳምንት መወጠሩ ቀነሰ። «ተመስገን፣ ለመደ» አለች። በአራተኛው ሳምንት ማታ ቤቷ ገብታ ልጁን ስታስጠጋው ይጎትታል፣ ይነጫነጫል፣ ጡቱን ጥሎ ያለቅሳል። እናቷ «ሰው አይቶብሽ ነው፣ ጡትሽን ቡዳ በልቶታል» ብለው ፈረዱ። ጎረቤት «ፀሐይ የመታው ጡት ነው» አለች። አማት «የለም፣ ብርድ ነው» አሉ። ጸበል ተጠጣ፣ አብሽ ተመታ፣ አጥሚት ተፈላ። አራተኛው ወር ሳያልቅ ጡጦ ቤት ገባ፤ ጡጦውን ተከትሎ ተቅማጥ መጣ።

እንግዲህ ጸበሉንም አጥሚቱንም አልነቅፍም። አራስና አጥቢ እናት ጠግባ ልትበላ፣ በደንብ ልትጠጣ ይገባታል። ግን ተጠርጣሪውን ሳይመረምሩ መፍረድ ጥሩ አይደለምና እስኪ ወተት እንዴት እንደሚመጣ እንይ።

ጡት እንደ ጋን?

ብዙዎቻችን ጡትን እንደ ጋን እናየዋለን። «ቀን ሳላጠባ ብውል ይጠራቀምና ማታ በደንብ ይጠግባል» የምትል እናት ብዙ ናት። ጡት ግን የሚመስለው ምንጭን ነው፤ ሲቀዱት ይመነጫል፣ ሲተዉት ይደርቃል። ሕፃኑ ሲጠባ መልእክት ወደ እናቲቱ አንጎል ይሄድና ሁለት ሆርሞኖች ይለቀቃሉ። ፕሮላክቲን የሚባለው «ወተት ይሠራ» ብሎ ያዛል። ኦክሲቶሲን የሚባለው የተሠራውን ወደ ጡት ጫፍ ይገፋል። ይህ ሁለተኛው ስሜት አዋቂ ነው። የልጅ ለቅሶ ሲሰማ፣ ልጁ ትዝ ሲል ከተፍ ይላል፤ የባንኳን እናት በሰልፈኛ ፊት ጉድ የሠራት እሱ ነው። ድንጋጤ፣ ሕመም፣ ኀፍረትና ጭንቀት ሲመጣ ደሞ ይሸሻል። በር እየተንኳኳባት ሽንት ቤት የቆመች ሴት ወተቷ አልወርድ የሚላት ለዚህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ጡት ሞልቶ ለረጅም ሰዓት ሲቆይ የተጠራቀመው ወተት ራሱ «በቃ፣ ፈላጊ የለም» የሚል ምልክት ይሰጣል፤ ምርቱም ይቀንሳል። አሁን የእናታችንን ቀን አስቡት። ቤቷ ከከተማው ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሥራዋ ቦሌ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ወጥታ፣ ማታ የታክሲ ሰልፍ አሳልፋ አንድ ሰዓት ትገባለች። አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ! አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ሽንት ቤት ቆማ፣ በችኮላ። «መወጠሩ ለመደ» ብላ የተደሰተችበት ሳምንት ወተቷ መቀነስ የጀመረበት ሳምንት ነበር። ስለዚህ ቡዳውን በነፃ አሰናብተነዋል፤ ጥፋተኛው የቢሮው የግድግዳ ሰዓት ነው።

ከውጭ ስትገባ «ፀሐይ መታው» ብላ የመጀመሪያውን ወተት አልባ የምትደፋም አለች። እባክሽ እህቴ፣ አትድፊው! ወተት ጡት ውስጥ እያለ በፀሐይም በብርድም አይበላሽም።

በታክሲ ያላፈርነውን…

ልብ በሉ! አገራችን እናት ጡቷን አውጥታ ስታጠባ ማንም ዞር ብሎ የማያይባት አገር ናት። በሚኒባስ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በገበያ መሐል ነጠላዋን ጣል አድርጋ ታጠባለች። ረዳቱ «ሒሳብ» ከማለት በቀር ምንም አይላትም፤ እንዲያውም ቦታ ይለቀቅላታል። ያቺው እናት ቢሮ ስትገባ ግን ለልጇ ወተት ለማለብ ሽንት ቤት ትደበቃለች። የራስሽን ምሳ ሽንት ቤት ውስጥ ብዪ ብትባዪ ትስማሚያለሽ? የልጅሽንስ ምሳ እዚያ ማዘጋጀት እንዴት ነው?

ቃሉም ራሱ ሳያሳፍረን አልቀረም። «ማለብ» ሲባል ላም ትመጣብናለች። አንዲት መምህርት «ነርሷ ‹እያለብሽ አስቀምጪለት› ስትለኝ ‹ላም ነኝ እንዴ?› ብዬ ተቆጣሁ» ስትል አሳቀችኝ። ዛሬ አክስቷ ከአሜሪካ የላኩላትን የጡት ፓምፕ በቦርሳዋ ይዛ ትዞራለች። ፓምፕ የሌላት እናትም አትስጋ። እጅ ይበቃል፣ እጅ ነፃ ነው፣ መብራት አይፈልግም።

ሕጉስ ምን ይላል?

በ1996 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ፈቃድ ነበራት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 የኋለኛውን ወደ 90 ቀን አሳደገው፤ ደመወዟም አይቋረጥም። ለአባት ደሞ ሦስት ቀን ከነደመወዙ ሰጠው። ሦስት ቀን! የገንፎው ማሰሮ ሳይታጠብ ሥራ ገብ ማለት ነው። ቢሆንም ከዜሮ ሦስት ይሻላል። ለመንግሥት ሠራተኞች በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1064 ደሞ መሥሪያ ቤቶች እናቶች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዘዘ። ከዚያ ወዲህ ማቆያ የከፈቱ መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ ልጃቸው አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ የሚተኛላቸው እናቶች ምን ያህል ዕድለኞች እንደሆኑ ጠይቋቸው።

የግል መሥሪያ ቤት ሠራተኛዋ ግን ከ90 ቀን በኋላ ያለችው በአለቃዋ ደግነት ነው። የአሠሪና ሠራተኛው አዋጅ በሥራ ሰዓት ስለሚሰጥ የማጥቢያ ዕረፍት የሚለው የለም። የሚገርመው ግን ሐሳቡ አዲስ አለመሆኑ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በተቋቋመበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1919፣ ያወጣው የወሊድ ጥበቃ ስምምነት የምታጠባ ሠራተኛ በሥራ ሰዓት በቀን ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት እንዲሰጣት ይላል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው! እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ስምምነት ደሞ ይህ ዕረፍት እንደ ሥራ ሰዓት ተቆጥሮ እንዲከፈልበት አደረገ። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው የጤና ሕግ አሠሪዎች ለሚያጠቡ እናቶች የተለየ ክፍል እንዲያዘጋጁ ደንግጋለች። ህንድ በዚያው ዓመት የወሊድ ፈቃዱን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ልጆች 26 ሳምንት አድርሳዋለች፤ ሲቆጠር ስድስት ወር ነው። ሒሳቡን የፈቱት አሉ ማለት ነው።

እስከዚያው እኛ ያለንን እንጠቀም። አንደኛ፣ የዓመት ፈቃድሽን አታባክኚው። በዚሁ አዋጅ የመጀመሪያ ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ያስገኛል፤ ለወሊድ ፈቃድሽ ጭራ አድርጊው። ሁለተኛ፣ የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ የማጥቢያ ሰዓት በኅብረት ስምምነቱ እንዲገባ ጠይቁ። ሦስተኛ፣ ከመውለድሽ በፊት አለቃሽን አነጋግሪ። አርግዘሽ ስትጠይቂ ሰው ይራራልሽ ይሆናል፤ ሥራ ተመልሰሽ ሸሚዝሽ ረጥቦ ስትጠይቂ ግን «ችግር ፈጣሪ» ትባያለሽ።

ለምትመለሺው እናት

አንድ፤ ሥራ ከመግባትሽ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ ማለብ ተለማመጂ። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። አውራ ጣትሽን ከላይ፣ ሌሎቹን ከታች አድርገሽ ጡትሽን ከጠቆረው ክፍል ወደ ኋላ ያዢ። ወደ ደረትሽ ጫን፣ ከዚያ ጨመቅ፣ ከዚያ ለቀቅ። ጫፉን አትጎትቺ፣ ቆዳውን አትፈትጊ። መጀመሪያ ጠብ ጠብ ነው የሚለው፤ ተስፋ አትቁረጪ፣ ከቀናት በኋላ እጅሽም ጡትሽም ይለምዳሉ።

ሁለት፤ ቢሮ ውስጥ በየሦስት ሰዓቱ ገደማ እለቢ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ምሳ ላይ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ብትይው ይበቃል። እያንዳንዱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ ቡና ልጠጣ ብሎ ከሚወጣው ባልደረባሽ አትበልጪም። የልጅሽን ፎቶ ከስልክሽ አውጥተሽ እያየሽ እለቢ። ቀልድ አይደለም፣ ወተቱን ያወርደዋል።

ሦስት፤ የታለበ ወተት ንጹሕ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ቤት ውስጥ ሙቀት ካልበዛ እስከ አራት ሰዓት ይቆያል። ፍሪጅ ውስጥ፣ በሩ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ ሲቀመጥ፣ እስከ አራት ቀን ይቆያል። ቢሮሽ ፍሪጅ ከሌለው፣ መብራት የሚጠፋ ከሆነም፣ ቅዝቃዜ በሚይዝ የምሳ ቦርሳ ውስጥ በረዶ የሆነ የውሃ ጠርሙስ አብረሽ ክተቺ፤ እስከ 24 ሰዓት ይጠብቅልሻል። ዕቃው ላይ የታለበበትን ቀንና ሰዓት ጻፊ፣ የቆየው ቀድሞ ይሰጥ። ላዩ ላይ ቅባት ቢንሳፈፍ ተበላሸ ብለሽ እንዳትደፊው፤ ወዝወዝ ሲደረግ ይቀላቀላል።

አራት፤ ወተቱ ምድጃ ላይ አይጣድም። ሙቅ ውሃ ባለበት ሳህን ውስጥ ዕቃውን አስቀምጦ ለብ ማድረግ ነው። የምትሰጠው ሰው ጡጦ የግድ አያስፈልጋትም፤ ተቀቅሎ የጸዳ የቡና ሲኒ ይበቃል። ልጁን ቀና አድርጋ ታቀፈውና ሲኒውን ከታችኛው ከንፈሩ ታስነካው፤ እሱ ራሱ ይልሰዋል፣ ይመጠዋል። አፉ ውስጥ ማንቆርቆር ግን ክልክል! ሲኒ ከጡጦ ይልቅ ለማጠብ ይቀላል፣ ጡትም አያስጠላም። ጠጥቶ ያስተረፈውን ከሁለት ሰዓት በላይ አታቆዩ።

አምስት፤ ማታና ሌሊት ጡቱ የልጁ ነው። ቀን እናቱን ያጣ ልጅ ሌሊት አብዝቶ ይጠባል። «አስቸገረኝ፣ ጠባዩ ተበላሸ» አትበይ፤ ወተትሽን እያስቀጠለልሽ ነው። ቅዳሜና እሑድም እንደፈለገ ይጥባ።

ስድስት፤ ጡትሽ ቀልቶ፣ ግሎ፣ ካመመሽና ካተኮሰሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ማጥባቱን ግን አታቋርጪ፤ ድንገት ማቆምም አጥብቆ ማሸትም ያብሰዋል።

ሰባት፤ ይቺን በደንብ አንብቢያት! «ጡት እያጠባሁ አላረግዝም» የሚባለው የሚሠራው ልጁ ከስድስት ወር በታች ሲሆን፣ የወር አበባሽ ሳይመለስ ሲቀር፣ ልጁም ቀንና ሌሊት ጡት ብቻ ሲጠባ ነው። ሥራ ገብተሽ በጡት መካከል ረጅም ሰዓት ሲያልፍ ዋስትናው ይላላል። ሥራ ከመግባትሽ በፊት ጤና ጣቢያ ጎራ በይ፤ ወተት የማይቀንሱ የወሊድ መከላከያዎች አሉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ያልሞላላት እናትስ? ኀጢአተኛ አይደለችም። ቀን የዱቄት ወተት፣ ማታ ጡት የሚያገኝ ልጅ ጡት ጨርሶ ካጣ ልጅ ይሻላል። የዱቄቱ ወተት ግን በመመሪያው ልክ፣ ፈልቶ በተዘጋጀ ውሃ ይበጥበጥ፤ «እንዲቆይ» ብሎ ማቅጠን ልጅን ማስራብ ነው። የላም ወተትም ዓመት ላልሞላው ልጅ የጡት ምትክ አይሆንም። የባንኳ እናት ወተቷ ከቀነሰ በኋላ ሌሊትና ቅዳሜ እሑድ ደጋግማ በማጥባት የተወሰነውን መልሳዋለች። ልጇ አሁን ሰባት ወሩ ነው፤ ቀን ገንፎውን እየበላ፣ ማታ በር ሲከፈት እጁን ይዘረጋል።

ሞግዚቷስ?

ከሁሉ ያሳዘነኝን ልንገራችሁ። ከአንዷ እናት ቤት ቁጭ ብለን ስንጫወት ሞግዚቷ ልጁን በሲኒ እያጠጣች ነበር። ጎበዝ ናት፣ እጇ ንጹሕ ነው። «ከየት ለመድሽው?» አልኳት። «እኔም አለችኝ» አለች ቀስ ብላ። የአምስት ወር ልጇን አገር ቤት ለእናቷ ትታ ነው የመጣችው። የእሷን ወተት የጠየቀ የለም፤ ደረቀ። የቤት ሠራተኛ የአሠሪና ሠራተኛው አዋጅ አይሸፍናትም፤ ዘጠናው ቀንም፣ ስልሳውም፣ ሦስቱም የሷ አይደለም። ስለ ሠራተኛ እናት ስናወራ ቢሮ የምትሄደውን ብቻ ካየን የኛን ቢሮ የምታስኬደውን ረሳን ማለት ነው። ቀጣሪ እህቴ፣ ሞግዚትሽ አራስ ልጅ ካላት ልጇን ይዛ እንድትመጣ ብትፈቅጂስ? አንድ ቤት ሁለት ሕፃን ያሳድጋል። አያቶቻችን ስንቱን አንድ ላይ አሳድገው የለ?

ለባልም ለአለቃም

ባል ሆይ፣ ጡት የለህም፣ እጅ ግን አለህ። ሲኒውን ቀቅል፣ ሌሊት ልጁን አንስተህ አቀብላት፣ እራቱን አሙቅ። «ወተትሽ አይበቃም» የሚለውን ቃል ከአፍህ አታውጣ፤ ጭንቀት ኦክሲቶሲንን እንደሚያባርር ከላይ አይተናል። ዘመድ አዝማድ «ጡጦ ግዙለት» ብሎ ሲጮህ ደጁ ላይ የምትቆመው አንተ ነህ።

አለቃ ሆይ፣ የተጠየቅከው ሕንፃ አይደለም። በአንድ የግል ድርጅት ሦስት ወላድ ሠራተኞች አለቃቸውን ለመኑና ዕቃ ቤቱን አስከፈቱት። የቆየ ወረቀት ወጣ፣ መጋረጃ ተሰቀለ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛና ከውስጥ የሚቆለፍ በር ተገኘ። ወጪው ይኸው ነው። አንዷ «ያቺ ክፍል ባትኖር ሥራውን ለቅቄ ነበር» ብላኛለች። ሰው ከማጣት፣ አዲስ ቀጥሮ ከማሠልጠን፣ ልጇ ታሞ በየሳምንቱ ፈቃድ ከምትጠይቅ ሠራተኛ፣ በቀን ሁለት ግማሽ ሰዓት አይቀልም?

እናንተ ገና ያልወለዳችሁ ወጣቶችስ? ባልደረባችሁ ኮቷን ደርባ ብድግ ስትል «የት ልትሄጂ ነው?» አትበሏት። ወንበሯን ጠብቁላት፣ ሰልፈኛውን ተቀበሉላት። ሃያ ደቂቃ ናት።

በሉ ቸር ሰንብቱ።